ቁጥር 4 ያለበት ቀይ ማልያ፦ አንዲት ልብስ ሰፊ ገልብጣ ስታየው

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልብስ የማየው ገልብጬ ነው። ፊቱን ማንም ያሳምረዋል፣ የሰፊው ጉድ የሚወጣው ከውስጥ ነው። ከአንድ የቴሌግራም ሱቅ ያዘዝኩትን የአርሰናል የ2003/04 ማልያ ሞተረኛው ሲያስረክበኝም እዚያው በር ላይ ገለበጥኩት። እሱ ገንዘቡ በቴሌብር እስኪገባለት ስልኩን ያያል፣ እኔ ብብቱን እጎትታለሁ። ግራ ገብቶት "እህቴ፣ ችግር አለው እንዴ?" አለኝ። አልነበረውም። ከውስጥ ንጹሕ ሥራ ነው። ጉዱ ያለው ፊቱ ላይ ነው።

ዋጋው 1,900 ብር ነው፤ ማድረሻ 150 ይጨመርበታል፣ ስምና ቁጥር ማተሙ ግን ከዋጋው ውስጥ ነው። የሱቁን ስም አልጽፍም። ልጁ ለፍቶ አዳሪ ነው፣ ከዚህ በታች የምለው ደግሞ ሁሉም ምስጋና አይደለም። ቻናሉ ላይ "ታይላንድ፣ ከኦሪጅናሉ የማይለይ" ብሎ ነው የሚሸጠው። ይለያል። በምን እንደሚለይ ልናገር ነው የተነሳሁት፤ ምክንያቱም ይህን ማልያ የሚገዛ ሰው ጨርቅ ብቻ አይደለም የሚገዛው፣ 38 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ያልተሸነፈውን ቡድን ነው። 26 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ 90 ነጥብ ይዞ የጨረሰ ቡድን። ከእነሱ በፊት በእንግሊዝ የአንደኛ ዲቪዚዮን ታሪክ ሊጉን ሳይሸነፍ የጨረሰ አንድ ክለብ ብቻ ነበር፣ ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ በ1888/89፤ ያኔ ደግሞ ውድድሩ 22 ጨዋታ ነበር። እንግዲህ ይህን የሚያስታውስ ማልያ የሚሠራ ሰው ቢያንስ ፎቶውን አጉልቶ ማየት አለበት።

ከጨርቁ ልጀምር። ፖሊስተር ነው፤ ሳሳ ያለ፣ ቆዳ ላይ የማይጣበቅ፣ ጨብጠው ሲለቁት የማይጨማደድ። የዚህ ማልያ ፈተና ቀዩ አካልና ነጩ እጅጌ የሚጋጠሙበት ቦታ ነው። ቀይና ነጭ አብሮ የሰፋ ያውቀዋል፣ ክሩ በአንዱ ላይ ሲጠፋ በሌላው ላይ ይጮኻል። እነዚህ ነጭ ክር ተጠቅመው ስፌቱን ወደ እጅጌው አስተኝተውታል፣ ጥሩ አድርገዋል። ከውስጥ ኦቨርሎክ ተመትቷል፣ ከላይ ደግሞ በድርብ መርፌ ተደግሟል። በዚህ ዋጋ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ይህን ሁለተኛውን ስፌት ይዘሉታል። የታችኛው ጠርዝ ግን ተስቧል፤ ማሽኑ ላይ ሲገፉት ጨርቁን ወጥረውት ነበር ማለት ነው፣ ለብሰው ሲቆሙ ጎኑ ላይ ይሸበሸባል። እኔ ፈትቼ ደግሜዋለሁ። ልብስ ሰፊ ያልሆነ ሰው ልብ አይለውም።

ብብቱ ጠበብ ይላል። ኤል ብላችሁ ያዘዛችሁት ኤም ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ሆድ ያበጀ ሰው ደግሞ ሁለት ሳይዝ ከፍ ቢያደርግ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ፊቱ። አርማው የተሳሳተ ነው። አርሰናል የ2002/03 ውድድር ሲጀመር አርማውን ቀይሯል፤ የድሮውን በሕግ የራሱ አድርጎ ማስጠበቅ ስላስቸገረው ነው የተወው። በድሮው አርማ መድፉ ወደ ግራ ያያል፣ ከሥሩም የላቲን ጽሑፍ አለ። በአዲሱ መድፉ ወደ ቀኝ ዞሯል፣ ላቲኑም ቀርቷል። የማይበገሩት የሚባሉት፣ ያ ያልተሸነፈው ቡድን፣ የለበሱት አዲሱን ነው። ለእኔ የመጣልኝ ማልያ ላይ ግን ደረቱ መሐል "ኦቱ" የሚለው የስፖንሰር ጽሑፍ በትክክለኛ ቦታው ተቀምጦ፣ ከላዩ መድፉ ወደ ግራ ዞሯል። እነዚህ ሁለቱ ሜዳ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። ኦቱ የመጣው ከአዲሱ አርማ ጋር ነው፤ በድሮው አርማ የመጨረሻ ዓመታት ደረቱ ላይ የነበረው ድሪምካስት ነው።

ሻጩ ቻናሉ ላይ የለጠፈው ፎቶ ትክክለኛው አርማ ነበረው። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁለት። "እንዴ፣ ማን ያየዋል?" አለኝ። እኔ አይቼዋለሁ አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆይቶ 200 ብር መለሰልኝ፤ ይህን ማድረጉን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ሰፈሬ ሽሮ ሜዳ ስለሆነ ለጥልፍ ችግር የለብኝም። የተለጠፈውን አርማ በካውያ አሙቄ አነሳሁት፣ በኮምፒውተር ጥልፍ የሚሠራ ጎረቤቴ ትክክለኛውን ጠለፈልኝ። ቀኑን ሙሉ በሐበሻ ቀሚስ ላይ መስቀል ሲጠልፍ የሚውለው ማሽን መድፍ ሲጠልፍ ማየት ያስቃል። እናንተ ግን ይህን ሁሉ መሥራት የለባችሁም፤ ከመክፈላችሁ በፊት የሚላክላችሁን የራሱን የማልያውን ፎቶ ጠይቁ፣ የቻናሉን አይደለም።

እጅጌው ላይ ያለው የሊጉ ምልክት ወርቅማ ነው። ይህም ስህተት ነው፣ ከአርማው ይልቅ ያናደደኝም እሱ ነው። ወርቅማው ምልክት የሚገባው ያለፈውን ዓመት ዋንጫ ይዞ ለሚጀምር ክለብ ነው። አርሰናል 2003/04ን ሲጀምር ባለዋንጫ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሊጉን ሲመራ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ለማንቼስተር ዩናይትድ አስረክቦ ነው የመጣው። ያንን ዓመት የሚያሳምረው ይኸው ነው እኮ፤ ተሸናፊ ሆነው ነው የጀመሩት። አሰልጣኙ አርሰን ቬንገር በ2002 መስከረም አካባቢ ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፉ መጨረስ ይቻላል ብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኤቨርተን ሜዳ ላይ ዌይን ሩኒ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ተቀይሮ ገብቶ በመጨረሻው ደቂቃ አገባባቸው፣ የእንግሊዝ ጋዜጦችም ሰውየውን መቀለጃ አደረጉት። ወርቁን እጅጌው ላይ ስትለጥፈው ይህ ሁሉ ይጠፋል። ወርቅ የሚፈልግ ሰው የዋንጫውን ፎቶ ይግዛ፤ ሊጉ ለዚያ ዓመት ብቻ በወርቅ የተለበጠ ልዩ ዋንጫ አሠርቶ ሰጥቷቸዋል።

ቁጥሩ ላይ ከሻጩ ጋር ተጨቃጭቀናል። ቪየራ 4 ብዬ ስጽፍለት "ሁሉም እኮ 14 ነው የሚያዘው፣ የሄንሪ ዝግጁ አለኝ፣ ዛሬውኑ ይደርስሻል" አለኝ። ሄንሪን ማን ይጠላል? በዚያ ዓመት በሊጉ ብቻ 30 አግብቷል። ዛሬም ካፌ ብትገቡ ከምታዩት ቀይ ማልያ አብዛኛው ጀርባ ላይ 14 ነው። እኔ ግን የምፈልገው ጎል አግቢውን አይደለም፤ አምበሉን ነው።

ፓትሪክ ቪየራ የተወለደው ዳካር ነው፣ በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ከኤሲ ሚላን ወደ አርሰናል የመጣው በ1996 ነው፣ ቬንገር በይፋ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት። ቶኒ አዳምስ በ2002 ጫማውን ሲሰቅል አምበልነቱን ወረሰ። በማይበገሩት ዓመት ከ38ቱ የሊግ ጨዋታ 29 ብቻ ነው የተጫወተው፤ ጉዳት ነበረበት፣ ቅጣት ነበረበት። ግን ዋናዎቹን ቀኖች ልብ በሉ። ዋንጫው የተረጋገጠው ኤፕሪል 25 ቀን 2004፣ የጠላት ሜዳ በሆነው በዋይት ሃርት ሌን፣ ከቶተንሃም 2 ለ 2 ሲወጡ ነው። የመጀመሪያውን ጎል ማን አገባ? ቶተንሃም የማዕዘን ምት መትቶ ኳሷ ስትመለስ፣ ሄንሪ ይዟት በረረ፣ ለቤርካምፕ ሰጣት፣ ቤርካምፕ አሻገራት፤ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ ተንሸራትቶ የደረሰባት ቪየራ ነው፣ ገና በ3ኛው ደቂቃ። የመጨረሻው ቀን ሜይ 15 ደግሞ ሌስተር፣ ቀድሞውንም የወረደ ቡድን፣ ሃይበሪ መጥቶ በድሮው የአርሰናል ልጅ በፖል ዲኮቭ ጎል እየመራ ለዕረፍት ገባ። ሄንሪ በፍፁም ቅጣት ምት አቻ አደረገ። ማሸነፊያውን ከቤርካምፕ ተቀብሎ፣ ግብ ጠባቂውን አልፎ ያስቆጠረው አምበሉ ነው። የዓመቱ የመጨረሻ ጎል እሷ ናት። እንግዲህ 4 ምን ይሠራልሻል የሚለኝ ሰው ይህን አያውቅም።

ልጁ ግን ወጣት ነው፣ ያኔ አልተወለደም ይሆናል። እኔም ብሆን አብዛኛውን በዓይኔ አላየሁም። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ሴት ልጅ ደግሞ ዲኤስቲቪ ቤት አትገባም። አርሰናልን የሰማሁት ከታላቅ ወንድሜ ነው፤ እሱ ያያል፣ ለእኔ ይተርካል።

ከሁሉም የማይረሳኝ የሊቨርፑሉ ነው። በእኛ ሚያዝያ 1 ቀን 1996፣ ስቅለት ነበር። በዚያ ዓመት የእኛና የፈረንጆቹ ፋሲካ አንድ ቀን ስለዋሉ እነሱም ስቅለት ላይ ነበር ያጫወቱት፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። እናቴ ሁላችንንም ሰብስባ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችን። ወንድሜ በስግደቱ መሐል ጠፋ። ማታ ሲመጣ እናቴ በዓይኗ ገረፈችው እንጂ በቀኑ ክብር ምንም አልተናገረችም፤ ጉልባኑን በሳሕን አቅርባ ገብታ ተኛች። እሱ ሳሕኑን ወደ እኔ ስቦ ባቄላውን ለሊቨርፑል፣ ስንዴውን ለአርሰናል ደረደረ። በዚያው ሳምንት፣ አለኝ በሹክሹክታ፣ ቅዳሜ በማንቼስተር ከኤፍኤ ካፕ ወጥተናል። ማክሰኞ በቼልሲ ከቻምፒዮንስ ሊግ ወጥተናል። ዛሬ ደግሞ ለዕረፍት 2 ለ 1 እየተመራን ገባን። ሰዉ ሁሉ በቃ፣ ሊጉም ሊሄድ ነው ብሎ ነበር። ከዕረፍት መልስ ፒሬስ አቻ አደረገ። ከዚያ ሄንሪ ኳሷን ከመሐል ሜዳ ይዞ፣ ሐማንን እንዲህ፣ ካራገርን እንዲህ፣ እያለ አንዷን ስንዴ በባቄላዎቹ መሐል አሳለፋት። 4 ለ 2።

ያችን ጎል ከብዙ ዓመት በኋላ በስልኬ ሳያት ወንድሜ አንድም ሐሰት እንዳልጨመረ አየሁ። እንዲያውም ካራገር የወደቀበትን ቀንሶልኛል።

ማልያውን ለብሼ የሄድኩት ሁልጊዜ ጨዋታ ወደምናይበት ካፌ ነው። ስክሪኑ ደህና ነው፣ ማኪያቶው አይወራም። እዚያ ሁላችንም ጋሼ የምንለው አንድ መካኒክ አለ፤ የእሱ የዚያው ዓመት ማልያ ኦሪጅናል ነው፣ ሰልባጅ ተራ ውስጥ በአጋጣሚ ያገኘው፣ ጀርባው ላይ ሎረን 12 የተጻፈበት። ወንበሩን ስቦ አስቀመጠኝና ሁለቱን ማልያ አነጻጸርን። የእሱ ቀይ በፀሐይና በሳሙና ደብዝዟል፤ ሆኖም የእኔ ቀይ አዲስ ሆኖም እንኳ ወደ ብርቱካን ያደላል፣ የእሱ ወደ ደም። የእሱ ቁጥር ተሰነጣጥቋል ግን አልተላጠም። የእኔ 4 ጠርዙ ላይ ገና ካሁኑ ትንሽ ብድግ ብሏል፤ ሙቀት ሲያንሰው እንደዚያ ነው። በጨርቅ ሸፍኜ በካውያ ደገምኩት፣ ያዘ። የፊደሎቹ ቅርጽ ግን ከእሱ ጋር አንድ ነው። ይህን ጋሼም መሰከረ፣ "ፊደሉ ልክ ነው" አለ፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ።

ከዚያ ጨርቁ ተረስቶ ክርክሩ ተጀመረ። ለጋሼ ያንን ቡድን የመራው ቬንገር ነው፣ ሌላው ሁሉ ተከታይ ነው። ማስረጃው ረጅም ነው። ሎረንን ከአማካይነት ወደ ቀኝ ተመላላሽ የመለሰው ማን ነው? ሄንሪን ከክንፍ አውጥቶ አጥቂ ያደረገው? ኮሎ ቱሬን ከአቢጃን በርካሽ አምጥቶ፣ የት እንደሚጫወት ግራ የገባውን ልጅ ከሶል ካምቤል ጎን ያቆመው? የኮሎን የሙከራ ልምምድ ሲተርክማ ጋሼ ይነሳል። የቡድኑ አማካይ ሬይ ፓርለር ደጋግሞ ያወራው ነው፤ ልጁ መጀመሪያ ሄንሪን ጠለፈ፣ ቀጥሎ ቤርካምፕን፣ በመጨረሻ ኳሷ ወደ ቬንገር ስትሄድ አሰልጣኙን ራሱን። ሰውየው እያነከሰ ሄዶ ልጁን አስፈረመው። "ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን በዚያው አውሮፕላን ይመልሰው ነበር" ይላል ጋሼ። በ2003 ክረምት ከገዟቸው ውስጥ ወዲያው ቋሚ የሆነው ግብ ጠባቂው ሌማን ብቻ ነው፤ ሲመንን ተክቶ 38ቱንም ተጫወተ። ዋንጫውን ሲያነሱ ቬንገር ከደጋፊ የተቀበለውን ቲሸርት ከፍ አድርጎ አሳይቶ ነበር፤ አስቂኙ ቬንገር ዓመቱን ሙሉ ሳንሸነፍ እንጨርሳለን ይላል የሚል ነው የተጻፈበት። ለእኔ ከዚያ ዘመን አንድ ልብስ ምረጪ ቢሉኝ ማልያውን ትቼ ያንን ቲሸርት ነበር የምወስደው። ይህን ለሻጩም ነግሬዋለሁ፤ ያንን አትሞ ቢሸጥ ያተርፋል።

ጎረቤታችን ባለ ሥጋ ቤቱ የማንቼ ደጋፊ ነው። ዝም ብሎ ጥሬውን ሲበላ ቆይቶ "ፖርትስማውዝስ?" አለ። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚጀምረው። ሴፕቴምበር 2003፣ ፖርትስማውዝ ሃይበሪ ላይ እየመራ ሳለ ፒሬስ የፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ወደቀ፣ ሄንሪ አገባ፣ 1 ለ 1። እውነቱን ለመናገር እኔም ዛሬ ሳየው ዳኛው ለጋስ ነበር። ጋሼ ይህን አያምንም። ከስምንት ቀን በኋላ ደግሞ ኦልድ ትራፎርድ፤ ቪየራ በቀይ ወጣ፣ በጭማሪ ሰዓት ማንቼ ፍፁም ቅጣት ምት አገኘ፣ ቫን ኒስትልሮይ አግዳሚውን መታ። የእኛው ተከላካይ ማርቲን ኪዎን ሰውየው ላይ ዘሎ ምን እንዳለ መላው ዓለም አይቷል። እዚህ ላይ ነው ባለ ሥጋ ቤቱና እኔ የምንስማማው፤ አምበላችን ያን ቀን ቡድኑን ጥሎ ወጥቷል። አርሰናል 175,000 ፓውንድ ተቀጣ፣ ሎረን ለአራት ጨዋታ ታገደ። የጋሼ ማልያ ላይ ያለው ሎረን ማለት ነው። እሱ ይኮራበታል።

"አምበል ማለት ግን" አለ ጋሼ፣ "ሲወጣ ሌላው የሚይዝለት ነው።" ኖቬምበር 2003 ሳን ሲሮ ላይ ኢንተርን 5 ለ 1 ሲያሸንፉ ቪየራ አልነበረም፣ የአምበሉን ጨርቅ ክንዱ ላይ ያሰረው ፓርለር ነበር። ካምቤል የተከላካዩን መሥመር በድምፁ ይጎትተዋል። ሌማን ከራሱ ሰዎች ጋርም ይጣላል። ቤርካምፕ አይናገርም፣ ግን ልምምድ ላይ ኳስ አበላሽተህ ወደ እሱ ማየት ያስፈራል ይባላል። ሄንሪን እንኳ አምበል ያደረጉት ቪየራ በ2005 ሲሄድ ነው። እኔ ወደዚህ ክርክር የማመጣው ጊልቤርቶ ሲልቫን ነው። የዓለም ዋንጫ በ2002 ከብራዚል ጋር አንስቶ መጥቶ፣ ያለ ጩኸት ከቪየራ ጎን ቆመ። ጥሩ ኮት ገበሩ አይታይም፣ ገበሩ ሲወጣ ግን ኮቱ ትከሻው ላይ አይቀመጥም፤ ጊልቤርቶ ያ ነበር። ቪየራ ወደ ፊት እንዲሮጥ፣ በዋይት ሃርት ሌን ያቺን ጎል ለማግባት ሜዳውን እንዲያቋርጥ፣ ማን ቀርቶለት ነበር? ይህን ስል ጋሼ ዝም አለ። ጋሼ ዝም የሚለው አልፎ አልፎ ነው።

ባለ ሥጋ ቤቱ ለመጨረሻ ያስቀመጠውን አወጣ፤ ፒዛውን። ኦክቶበር 24 ቀን 2004፣ 49 ጨዋታ ሳይሸነፉ ቆይተው ኦልድ ትራፎርድ ላይ 2 ለ 0። በቫን ኒስትልሮይ ፍፁም ቅጣት ምት አንድ፣ በሩኒ አንድ፤ ፍፁም ቅጣት ምቱን ያስገኘውም ሩኒ ነው፣ ያውም 19 ዓመት የሞላው በዚያው ቀን። ያ ኤቨርተን ላይ ያየነው ልጅ። ከጨዋታው በኋላ መተላለፊያው ውስጥ ፒዛ ተወርውሮ ሰር አሌክስ ፈርጉሰንን መታ፤ ከዓመታት በኋላ የወረወርኩት እኔ ነኝ ብሎ ያመነው ያኔ ገና 17 ዓመቱ የነበረው የአርሰናሉ ፋብሬጋስ ነው። ባለ ሥጋ ቤቱ ይህን ሲተርክ እጁን በፎጣ እየጠረገ ይስቃል። እኔ ደግሞ መልሱን አለኝ፤ ሜይ 2005፣ ካርዲፍ፣ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ አርሰናልና ማንቼ በፍፁም ቅጣት ምት ተለያዩ። የመጨረሻዋን፣ የማሸነፊያዋን፣ ቪየራ መታ፤ ገባች። ለአርሰናል የነካት የመጨረሻ ኳስ እሷ ነበረች። በዚያው ክረምት ወደ ጁቬንቱስ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሊጉ ለሃያ ዓመት ወደ እኛ አልመጣም። ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፣ ስታዲየም ግንባታውም ገንዘቡን በልቷል፤ ለእኔ ግን ያ ቁጥር 4 ከሄደ በኋላ ትከሻ የሚያሳይ ሰው አልተተካም። ጋሼ በዚህ አይስማማም። አርሰን ካለ ሁሉም አለ ነው የሚለው።

ወደ ማልያው ልመለስ፤ ሻጩ የሚያነበው ከሆነ የሚጠቅመው ይኼኛው ነው።

ደጋግሜ አጥቤዋለሁ። በቀዝቃዛ ውኃ፣ ገልብጬ፣ ያለ በረኪና። ቀዩ ወደ ነጩ እጅጌ አልፈሰሰም፤ እኔ በጣም የፈራሁት ይህን ነበር፣ ለብቻው ነው ያጠብኩት። የስፖንሰሩ ጽሑፍ አልተነካም። ቁጥሩ እኔ በካውያ ከደገምኩት በኋላ ይዟል፤ ካውያ ያልነካው ሰው ቁጥር ግን ምን እንደሚሆን አልመሰክርም። ካውያውን በቀጥታ ካስነካችሁት ይቀልጣል፣ በመሐል ጨርቅ አድርጉ። ሰውነት ላይ ቀዝቀዝ ይላል፣ ለብርድ ቀን ከሥሩ መልበስ አለበት።

ለሻጩ ምስጋና የሚገባው ነገር አለ፤ መልስ ይሰጣል፣ ቅሬታ ሲነገረው አይሳደብም፣ ገንዘብ መልሷል፣ ሞተረኛው በሰዓቱ መጥቷል። የሚገባው ወቀሳ ደግሞ አንድ ፎቶ ለጥፎ ሌላ ዕቃ መላኩ ነው። "ማን ያየዋል" የሚለውን ይተው። ይህን ማልያ የሚገዛው የሚያየው ሰው ነው።

በ1,900 ብር ስፌቱ ያዋጣል፤ አርማው ልክ ከሆነና ወርቁ ከቀረ ሌላም ቢጨምር አልከራከርም። አሁን ሁለተኛ አዝዣለሁ፣ ጊልቤርቶ 19፣ ለወንድሜ። "እሱ ደግሞ ማነው?" ብሎኛል ሻጩ። በዚህኛው መድፉ ወደ ቀኝ መዞሩን ከመክፈሌ በፊት በፎቶ አሳይቶኛል፣ የእጅጌውንም ወርቅ እንዳይለጥፍ ተነጋግረናል። ሳይዙን ኤክስኤል ነው ያልኩት።